የዘበኛው ዘበኛ

ሸጋው የሰው ቤት ሲጠብቅ ሃያ ሁለት ዓመት ሞላው፤ የራሱን ቤት የሠራ ዕለት ግን የሚጠብቅለት ሰው አጣ። ነገሩን ቀድማ ያየችው ሚስቱ ሮማነወርቅ ናት። የግድግዳው ጭቃ ገና ሳይደርቅ በሩ ላይ ቆማ ግራ ቀኙን ብትቃኝ ከባሕር ዛፍና ከሰው ማሳ በቀር የሚታይ የለም። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ» አለችው።

እውነቷን ነው። ሸጋው በየቀኑ አመሻሽ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ካፖርቱን ደርቦ ወደ ቡና ነጋዴው ወደ ነዚፍ ግቢ ይሄዳል፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይመለሳል። በመሀሉ ያለውን አሥራ ሦስት ሰዓት ሮማነወርቅና የስድስት ዓመቷ እድላዊት ብቻቸውን ናቸው። መሀል ከተማ ተከራይተው ሲኖሩ ይህ ሐሳብ አልነበረባቸውም። ሰባት አባወራ በአንድ ግቢ ታጉሮ፣ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» እያለ፣ የትኛው ሌባ ደፍሮ ይገባል? አዲሱ ሰፈር ግን በማኅበር የተሠሩ አምስት ቤቶች ብቻ ናቸው፤ የመቱ ጫፍ፣ ዝናብ ሲጥል ባለባጃጁ ሁሉ «እዚያማ አልገባም» የሚልበት ቦታ።

ሰውየውን ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። ሸጋው በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥቶ ከወላጆቹ ጋር ኢሉባቦር የሰፈረ ነው፤ ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር። ኦሮምኛውን ከገበያና ከወንዝ ዳር ለቀመው፤ ዛሬ ሲቆጣ በአማርኛ፣ ሲምል በኦሮምኛ ነው። ነዚፍ ዘንድ የተቀጠረው በዘጠና አራት ዓመተ ምሕረት ሲሆን፣ የነዚፍ ልጅ ራኒያ ያን ጊዜ የሁለት ወር ጨቅላ ነበረች። ነዚፍ ቡና ሊገዛ ወደ ኖፓና ወደ ሌላውም ወረዳ ሲወጣ ሳምንትም ወርም ይቆያል፤ ሸጋው ግን ከበሩ አይጠፋም። ልጅቱ በሱ ዓይን ሥር አደገች። «አባባ ሸጋው» ትለዋለች፤ ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ ልትመረቅ ነው።

በዘበኝነቱ ያፍራል ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ይኮራበታል። መቱ ውስጥ ነጋዴው ዘበኛ ሲቀጥር «ሸጋው አይቶታል ወይ?» ይባላል። ሸጋው «ጥሩ ነው» ያለው ይቀጠራል፤ «ይተኛል» ያለው ሌላ እንጀራ ይፈልጋል። ዘበኛ «ይተኛል» ከሚባል «ሌባ ነው» ቢባል ይሻለዋል። ሌብነት ማስረጃ ይጠየቅበታል፤ ላልተኙት እንቅልፍ ግን ማን ምስክር ይቆማል?

ሚያዝያ ላይ ከአምስቱ ቤቶች የአንዱ፣ የባጃጅ ባለቤቱ የኢክረማ፣ የባጃጁ ባትሪና የጋዝ ሲሊንደሩ ባንድ ቀን ተሰረቁ። በማግስቱ እሑድ ሰፈሩ እትዬ ሀረገወይን ቤት ተሰበሰበ። እትዬ ሀረገወይን ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ዛሬም ቢሆን መናገር የፈለገ ሰው እጁን እንዲያወጣ ይፈልጋሉ። እሳቸው አጥሩ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ይተከል አሉ። አንዱ ሁለት ውሻ እናሳድግ አለ። ኢክረማ ደግሞ ካሜራ ይሁን ብሎ በስልኩ ምስል እያሳየ ዞረ።

ሸጋው እጁን አወጣ።

«ጠርሙስ የሚቆርጠው ድመት ነው፤ ሌባ ጆንያ አንጥፎበት ይዘላል። ውሻ ሥጋ የጣለለትን ይወዳል። ካሜራ ደግሞ ያያል እንጂ አይጮህም፤ ሌባው ዕቃህን ተሸክሞ ሲሄድ ጀርባውን ቀርጾ ያስቀምጥልሃል። ሰውን የሚጠብቀው ሰው ነው። አምስታችን አዋጥተን አንድ ደህና ዘበኛ እንቅጠር፤ መምረጡን ለኔ ተዉት።»

ሰፈሩ ለማጨብጨብ ምንም አልቀረውም። ሸጋው ዕድሜውን ሙሉ በር ከፍቶ ሌላውን ሲያሳልፍ የኖረ ሰው ነው፤ እሱ ተናግሮ ሰው ሲያዳምጥ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሞቅ አለውና ሌላም ጨመረ፤ የዘበኛው ጎጆ በእሱ ግቢ እንዲተከል ጠየቀ። «የምመርጠው እኔ ነኝ፤ ዓይኔ ሥር ይሁን» አለ። ማታ ማታ ዓይኑ ነዚፍ በር ላይ መሆኑን ከተሰብሳቢው አንድም ሰው አላስታወሰውም። እሱም ራሱ አላስታወሰም።

ሦስት ሰው መጣለት። የመጀመሪያውን ዓይኑን አይቶ መለሰው። ሁለተኛው ብዙ ያወራል፤ የሚያወራ ዘበኛ ደግሞ አይሰማም። ሦስተኛው ፉፋ ነበር፤ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ቀጭን፣ የኖፓ ሰው። ሚስቱና ሁለት ልጆቹ እዚያው ኖፓ ናቸው። ሸጋው በረንዳ ላይ አስቀምጦ ስለ ዝናብና ስለ በቆሎ ሲያጫውተው ቆየና ድንገት፣ «እስካሁን ስንት ባጃጅ አለፈ?» አለው።

«ሁለት፣ ጋሼ። የሁለተኛው የኋላ ጎማ ተንፍሷል። የርስዎም የጓዳ በር ማጠፊያ ዘይት ይፈልጋል።»

ሸጋው ሳቁን ዋጠ። «ጥሩ ዘበኛ ማለት ምን ዓይነት ነው?»

ፉፋ ትንሽ አሰበ። «የቤቱን ሰው በሳሉ የሚለይ።»

ይህ ሸጋው ራሱ ሃያ ዓመት ሲለው የኖረው ነገር ነው። ተነሥቶ ሊስመው ምንም አልቀረው። የተሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሌላ ሰው ዘበኛ ሲመርጥ ጉልበቱንና ዱላውን ያያል፤ ሸጋው ግን በሙያው ሚዛን መዝኖ ሌላ ሸጋው መረጠ፤ ወስዶም ከሚስቱና ከልጁ ደጃፍ አስቀመጠው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሲመለስ የጓዳው በር አልጮኸም። ቤቱ ከገቡ ጀምሮ «ዛሬ ነገ» ሲለው የነበረ በር ነው። «ማን ዘይት አደረገበት?» አለ። «ፉፋ» አለች ሮማነወርቅ፣ «ትናንት አንተ እንደወጣህ ሠርቶ ጨረሰው።» ሸጋው በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። እንከን ቢያገኝበት ደስ ባለው ነበር።

በሳምንቱ እድላዊት እንደ ወትሮዋ ሮጣ አልተቀበለችውም። ፊቱ ቆማ አፏን ከፍታ አሳየችው፤ የታች ጥርሷ የለም። ሲነቃነቅ ሰንብቶ ነበር፤ «ሲወልቅ ጣራ ላይ የምወረውርልሽ እኔ ነኝ» ብሏታል። «የታለ?» አላት። «ፉፋ ወረወረልኝ! እዚያ ማዶ አሻገረው!» ብላ እጇን ዘርግታ ርቀቱን አሳየችው። ሸጋው «ጎበዝ» አላት። ከዚያ ካፖርቱን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ጣራ ጣራውን እያየ ቆየ።

ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ ደግሞ ሮማነወርቅ አሮጌ ካፖርቱን ለፉፋ ሰጠችው። ሸጋው ይህን አያውቅም። ጠዋት ቁልቁል ሲመጣ የገዛ ካፖርቱ በራሱ በር ላይ ቆሟል፤ እድላዊት እጅጌው ላይ ተንጠልጥላ ትስቃለች። ለአንድ አፍታ ራሱን ያየ መሰለው። ፉፋ «ኢንተላ ኮ፣ አባትሽ መጣ» አላት። ልጄ ማለቱ ነው፤ በዚያ አገር ማንም ትልቅ ሰው ለማንም ልጅ የሚለው ነው፤ ሸጋው ራሱ በቀን አሥር ጊዜ ለሰው ልጅ ይለዋል። ከፉፋ አፍ ሲወጣ ግን ልጅቱን ከእጅጌው አላቅቆ ወደ ቤት ይዟት ገባ።

ሮማነወርቅን ጠርጥሮ እንዳይመስላችሁ። እሷን ክፉ ያለ ሰው ቢኖር ዱላውን ይዞ የሚነሣው እሱ ነው። ቢጠረጥር እንኳ በተሻለው፤ ለዚያ ሽማግሌ አለው፣ ዳኛ አለው። ልጄ ጥርሷ የወለቀው እኔ ሳልኖር ነው ተብሎ የትኛው ሽማግሌ ፊት ይቆማል? ቅናቱን ለሰው መናገር ስላልቻለ ለብቻው አላመጠው። ፉፋ ሲሥቅ ሳቁን ጠላ። ፉፋ ሲያጎነብስ አጎነባበሱን ጠላ። ሰውየው አንድ ቀን እንኳ ቢያጠፋ፣ በር ሳይዘጋ ቢያድር፣ ደፋር ቃል ቢናገር፣ ምንኛ በተገላገለ! ፉፋ ግን አያጠፋም፤ ደግሞስ የመረጠው ማን ሆነና።

ነገሩ ጣራ የነካው እድላዊት የታመመች ጊዜ ነው። ሸጋው ጠዋት ሲመለስ ልጅቱ ተኝታለች፣ ከራስጌዋ የሆስፒታል መድኃኒት ተቀምጧል። ሮማነወርቅ እንደ ተራ ነገር ነገረችው። ማምሻውን ሳል ጀምሯት ነበር፤ እሷ ጉንፋን ነው ብላ ችላ ስትለው ፉፋ ከውጭ ሰማና በሩን አንኳኳ። «እትዬ፣ ይቺ ሳል ደህና ሳል አይደለችም» አለ። ኢክረማን ከቤቱ አስወጥቶ በባጃጅ አደረሷት። ሐኪሙም ደግ አደረጋችሁ ብሏል።

«ለምን አልደወልሽልኝም?» አለ ሸጋው።

«ሥራ ላይ ነህ፤ ብደውል ምን ታደርጋለህ? በዚያ ላይ ፉፋ ነበረ።»

ፉፋ ነበረ። ሸጋው ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደውም። ማመስገን ነበረበት፤ ሄዶም ፉፋን «እግዜር ይስጥልኝ» አለው፤ ፊቱን ግን አላየውም። ልጁ በመዳኗ ደስ ብሎታል። ያዳናት ሌላ ሰው በመሆኑ ግን ሊሞት ደረሰ። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሰው እንዲህ ነው።

ከሰዓት በኋላ እግሩ ካሜራ ወደሚሸጥበት ሱቅ ወሰደው። ባለሱቋ ነፃነት የምትባል ቀልጣፋ ወጣት ናት፤ ትሸጣለች፣ መሰላል ተሸክማም ራሷ ትገጥማለች። አንዱን ነጭ ካሜራ አንሥታ እጁ ላይ አደረገችለት።

«ሰው ሲገባ ይጮሃል?» አላት።

«በስልክዎ ላይ ይጠራል። የትም ሆነው ግቢዎን ያያሉ።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ባትሪ አለው፤ ሦስት አራት ሰዓት ይይዛል። ጉም ሲወርድ ግን አልዋሽዎትም፤ በመቱ ጉም እንኳን ካሜራ ሰውም ሰውን አያይ።»

ሸጋው ካሜራውን አገላብጦ አየው። «ልጆች ይወዱታል?»

«ምኑን?»

«ካሜራውን።»

«ጋሼ፣ ካሜራ እኮ ነው!» አለች ነፃነት እየሣቀች።

«እሱን ነው የምፈልገው» አለ ሸጋው። እሱ ግን አልሣቀም።

በተከታዩ እሑድ ሰፈሩን ሰበሰበና ዘበኛው ይሰናበት፣ ካሜራ እናስገባ አለ። እትዬ ሀረገወይን መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያያል እንጂ አይጮህም ያልከን አንተ አይደለህም እንዴ? ሰውየው ምን አጠፋ?»

ሸጋው እዚህ ላይ «ምንም» ብሎ ቢቀመጥ ኖሮ ይህ ታሪክ አይወራም ነበር። ሁሉም ዓይኑን እሱ ላይ ጥሎ ሲጠብቅ ግን ከሙያው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ቃል ምላሱ ላይ መጣ።

«ይተኛል» አለ።

ኢክረማ ግራ ገባው። «እኔ እንኳ ባመሸሁ ቁጥር በሩን የሚከፍትልኝ . . .»

«የባጃጅ ድምፅ ሲሰማ ይነሣል። እኔ እንቅልፍ ያለበትን ዓይን አውቃለሁ።»

ማታ ማታ ነዚፍ በር ላይ ያለ ሰው ፉፋ ሲተኛ እንዴት አየ ብሎ የጠየቀ የለም። ሸጋው ካለ አለ ነው። ፉፋን በዚያው ቀን አሰናበቱት። ፉፋ ዕቃውን በአንዲት ማዳበሪያ ቋጥሮ ከጎጆው ሲወጣ ሸጋው ፊት ቆመ። «ጋሼ፣ መቼ ነው የተኛሁት?» አለው። ሸጋው መሬት መሬት እያየ «ሰፈሩ ነው የወሰነው» አለ። ፉፋ ማዳበሪያውን ተሸክሞ ሄደ።

ሮማነወርቅ ማታውን የሥራ ካፖርቱን ስታቀብለው፣ «ያልተኛን ሰው ተኛ አልክ» አለችው። «ልጅህን ሆስፒታል ያደረሰልህን ሰው።» ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ከ«ምሳ ቀርቧል» ያለፈ ቃል አልሰጠችውም። ነፃነት መጥታ ካሜራዎቹን ሰቀለች። ሸጋው ነዚፍ በር ላይ ተቀምጦ ስልኩን ይከፍታል፤ ግቢው ይታየዋል፤ ዝናብ፣ ጭቃ፣ አጥር። አንድ አመሻሽ ላይ እድላዊት ብቅ አለች። ሮጣ ባዶው ጎጆ ገባችና እዚያው ቁጢጥ ብላ ቀረች። ሸጋው በሌለ ሰው ቀና። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

ወሬው ደግሞ በባጃጅ ተሳፍሮ ዞረ። ፉፋ ሁለት ሦስት ቦታ ሥራ ቢጠይቅ «የሚተኛው አይደለህም?» ብለው መለሱት፤ መናኸሪያ ወርዶ ጆንያ ማውረድ ጀመረ።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ራኒያ ተመረቀች። ነዚፍ ድንኳን ጥሎ ደገሰ። ልጅቱ ፎቶ ሊነሡ ሲሉ በር ድረስ ሄዳ ሸጋውን ጎትታ አመጣችው፤ የምረቃ ቆቧን ጭንቅላቱ ላይ ደፋችበትና በአንድ ጎኗ አባቷን፣ በሌላ ጎኗ እሱን አቆመች። እንግዳው ከተበተነ በኋላ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ነዚፍ ወንበር ይዞ በሩ ዘንድ መጣና ከሸጋው አጠገብ ተቀመጠ።

«ሸጋው፣ ዛሬ ስለሆነ አንድ ነገር ልንገርህ። አንድ ጊዜ ላባርርህ ወስኜ ነበር።»

ሸጋው ደነገጠ። «ምን አጥፍቼ፣ ጋሼ?»

«ምንም። ከቡና ግዢ ሃያ ቀን ቆይቼ ስመለስ በሩን ከፈትክና፣ ገና ከመኪና ሳልወርድ፣ "እንኳን ደስ ያለዎት፣ ራኒያ ሄደች እኮ!" አልከኝ። አራት እርምጃ መሄዷን ራስህ እየተራመድክ አሳየኸኝ። ደስ ብሎህ ነው የነገርከኝ፤ እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም። የልጄን የመጀመሪያ እርምጃ ዘበኛዬ አየው! በማግስቱ ለሰይዳ "ሸጋው ይተኛል፣ ላሰናብተው ነው" አልኳት።»

ሸጋው እጁን ከጉልበቱ ላይ አነሣ፤ የሚያሳርፍበት አጣ። ሰይዳ የነዚፍ ባለቤት ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እራቱን ከራሷ ማዕድ ቀንሳ ስትሰጠው የኖረች ሴት። «እሷስ ምን አለች?» አለ፣ ድምፁ ወርዶ።

«ሣቀችብኝ። "ሲተኛ ያየኸው አንተ የት ሆነህ ነው፣ ኖፓ?" አለችኝ። አፈርኩ፤ ቃሉን ዋጥኩት። ቅናቱ ግን ወዲያው የለቀቀኝ እንዳይመስልህ። ስንት ዓመት በር ስትከፍትልኝ ፊትህን አላይም ነበር።» ነዚፍ ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ተነሣ። «ብዋሽብህ ኖሮ ዛሬ ይቺ ልጅ ምን ትለኝ ነበር?»

ነዚፍ የዋጠውን ቃል ሸጋው ተፍቶታል። ሲነጋ ቤቱ አልገባም፤ በቀጥታ ወደ መናኸሪያ ወረደ። ፉፋ ከሚኒባስ ጣራ ላይ ጆንያ ሲያወርድ አገኘውና፣ «ና፣ ሰፈር እንሂድ፤ ሰው ፊት የምናገረው አለኝ» አለው። ፉፋ ወገቡን አቅንቶ ረጅም አየው። ከዚያ እጁን አራግፎ ተከተለው።

እትዬ ሀረገወይን ቤት ጎረቤቱ ተሰበሰበ፤ ሮማነወርቅም እድላዊትን ይዛ መጣች። እድላዊት ፉፋን ስታይ ጮኻ ጉልበቱ ላይ ተጠመጠመች። ሸጋው አየ፤ አሁንም ወጋው። የዚህ ጊዜ እጁን አላወጣም፤ ቆሞ ተናገረ።

«ፉፋ ተኝቶ አያውቅም። ሲተኛም አላየሁ፤ ማታ ማታ እዚህ አልነበርኩም። ቀንቼበት ነው።»

ኢክረማ ሊሥቅ ጀመረና የሰውን ፊት አይቶ ተወው። ትልቅ ሰው፣ የሃምሳ አንድ ዓመት ሰው፣ ሚስቱ ፊት «ቀናሁ» ሲል ሰምቶ የሚያውቅ በቤቱ ውስጥ አልነበረም። ጎረቤቱ ሁሉ በአንድ አፍ «ፉፋ ይመለስ» አለ።

«አልመለስም» አለ ፉፋ በዝግታ። «ቂም የለኝም፣ ጋሼ። እኔም ልጆቼ ኖፓ ናቸው፤ ማን እንደሚያጫውታቸው አላውቅም። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ወሬው መቱን ዞሯል። በየበሩ እየቆምኩ "አልተኛም" ልበል? ወረቀት ይጻፉልኝ።»

ወረቀትና እስክሪብቶ መጣ። እትዬ ሀረገወይን ለሸጋው አዝነው፣ «"በተፈጠረ የመረጃ ክፍተት" በል» አሉት። ኢክረማ «"በስሕተት" ይበቃል፤ በየበሩ የሚነበብ ነገር ነው» አለ። ሸጋው እስክሪብቶውን እንደያዘ ቆየ። «በስሕተት» ማለቱን ልቡ ወደደው። ግን በስሕተት ከተባለ ነገ የሚያነበው ነጋዴ «ምናልባት አንዴ አሸልቦ ይሆናል» ይላል፤ ሸጋው ነጋዴን ያውቃል። ቀና ብሎ ፉፋን ቢያየው ፉፋ ወደ ውጭ ዝናቡን ያያል። ሸጋው ጻፈ። «ፉፋ ሰፈራችንን ሲጠብቅ አንድም ቀን ተኝቶ አያውቅም። ይተኛል ያልኩት እኔ ሸጋው ነኝ። ያልኩትም በቅናት ነው።» አራቱ ጎረቤቶች በምስክርነት ፈረሙ። ሮማነወርቅ ሳትጠየቅ አምስተኛ ሆና ፈረመች። ፉፋ ወረቀቱን አጥፎ በፌስታል ጠቀለለና ሄደ።

ሳምንቱን ሸጋው ባለፈበት ሁሉ ሰው ይጠቃቀስበት ጀመር። ወረቀቱ በሦስት ነጋዴ በር ተነቧል። አንዱ የሙያ ጓደኛው «ቀናተኛው፣ እንዴት ዋልክ?» ሲለው ሰላምታውን መልሶ አለፈ።

በሳምንቱ አንድ አመሻሽ ላይ የነዚፍ በር ተንኳኳ። ሸጋው ከፈተ፤ ፉፋ ነው። ነዚፍ አዲስ መጋዘን ከፍቶ ዘበኛ እንደሚፈልግ ሰምቶ መጥቷል። ሁለቱም ትንሽ ተያዩ። በዚያ ግቢ ደንብ መሠረት እንግዳ በር ላይ ይቆያል፣ ወረቀት ካለው ወረቀቱን ዘበኛው ነው ወደ ውስጥ የሚያስገባው። ፉፋ ፌስታሉን ፈትቶ ሰጠው። ሸጋው የገዛ ውርደቱን በገዛ እጁ ተሸክሞ ደረጃውን ወጣ።

ነዚፍ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። መነጽሩን አወለቀና ሸጋውን አየው። አልሣቀም። «ልቅጠረው?» አለው።

«ይቅጠሩት። ከሱ የተሻለ አያገኙም።» ሸጋው ትንሽ ተወዛወዘ። «ግን ጋሼ . . . እሱን መጋዘኑ ላይ ያድርጉት። ግቢውን ለኔ ይተዉልኝ። ራኒያ እኮ . . .»

«ራኒያማ አዲስ አበባ ሥራ አግኝታለች። በመስከረም ትሄዳለች» አለ ነዚፍ። «አልነገረችህም? እኔም የሰማሁት ትናንት ነው።»

ሸጋው በመስኮቱ ወደ በሩ አየ። ሃያ ሁለት ዓመት። ከዚያ ሳይታሰብ ሌላዋ መጣችበት፤ እድላዊት ገና ስድስት ዓመቷ ነው።

«እንግዲያው ግቢውንም፣ ሌሊቱንም ለፉፋ ይስጡት» አለ። «እኔን መጋዘኑ ላይ፣ ቀን ቀን ያድርጉኝ።»

«የቀን ሥራ እኮ ዘበኝነት አይደለም፤ ጆንያ ሲገባና ሲወጣ ማየት ነው። ስምህ ሁሉ የሌሊት ነው። መጋዘን በር ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ማን ሸጋው ይልሃል?»

«ማታ ቤቴ ስገባ ይሉኛል» አለ ሸጋው።

ነዚፍ «እሺ» አለ። ሸጋው ወርዶ ወደ በሩ ሄደና ፉፋን «ተቀጥረሃል፤ ማታ ማታ ግቢው ያንተ ነው» አለው። ከወገቡ ላይ የግቢውን ቁልፍ ፈትቶ ዘረጋለት። ፉፋ ቁልፉን ያዘ፤ የሸጋው እጅ ግን ቶሎ አልለቀቀም። ፉፋ ጥቂት ጠበቀና ጎተት አደረገው።